ኪቦርዱ ፊደል አያውቅም

ትናንት ማታ ራሴ በያይጄ የሠራሁትን ሜካኒካል ኪቦርድ ፈርምዌር አዘመንኩ። ቺፑ 32 ኪሎባይት ብቻ ነው የሚይዘው። የፈለግኩት ሊኑክስ ያለው ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ስሰካው፣ ሌላ ምንም ሳልጭን፣ አማርኛ እንዲጽፍልኝ ነው።

ችግሩ ኪቦርድ ፊደል አያውቅም። የሚልከው የቁልፉን ቁጥር ነው፤ የትኛው ፊደል እንደሚወጣ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው።

በጽሕፈት መኪና ጊዜ ፊደሉ ብረቱ ላይ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ የላቲኑን መኪና ለአማርኛ ሲያስተካክሉ የገጠማቸውን አስቡት፦ ከ230 በላይ ፊደል፣ ቁልፉ ግን አርባ ምናምን! ስለዚህ ፊደሉን በታተኑት፤ ገላው ለብቻ፣ ቅጥያው ለብቻ ተመታ። የወጣው ጽሑፍ እንደ እጅ ጽሕፈት አያምርም፤ እኔን ግን ድፍረቱ ነው የሚገርመኝ።

ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን ሲቀበል ተቃራኒውን አደረገ፤ ለእያንዳንዱ ሙሉ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠ። ሰ 1230፣ ሱ 1231፣ ሲ 1232 እያለ ይሄዳል። ገበታው ስምንት ስምንት ቤት እየያዘ ስለተደረደረ የግዕዙን ቁጥር ካወቅኩ ለካዕብ አንድ፣ ለሣልስ ሁለት መደመር ነው። (ቈን የመሳሰሉት ሌላ ረድፍ ስላላቸው ለብቻቸው አስቸግረውኛል።) ፈርምዌሬ መጀመሪያ ሳድሱን ይጽፋል፤ አናባቢ ስነካ ያጠፋውና ደምሮ አዲሱን ያስገባል። ያው የአያና ብሩ ገላና ቅጥያ ነው፣ አሁን ግን ወረቀቱ ላይ አይታይም።

ሪሴቱን ተጫንኩ። መብራቱ ጠፍቶ ተመለሰ። «ሰላም» ብዬ ጻፍኩ።

«ስልም» ወጣ።

አናባቢው ሲነካ የሚደምረውን መስመር ኮዱ ውስጥ ሳላስገባ ነበር የጫንኩት። ሪሴቱን እንደገና ተጫንኩ።