«የሕይወት ዑደት ምዘና»፦ የአንድ ስያሜ ታሪክና ያስከተለው ጥያቄ

አንድ ዕቃ ጥሬ ሀብቱ ከመሬት ከሚወጣበት ጊዜ አንሥቶ አገልግሎቱን ጨርሶ እስከሚጣልበት ቀን ድረስ በአፈር፣ በውኃና በአየር ላይ የሚያሳድረውን ጫና በቁጥር መዝግቦ የሚመረምረው የሙያ ዘርፍ፣ በአማርኛ እስካሁን በአንድ ስም አልጸናም። አንዳንዱ ጸሐፊ «የሕይወት ዑደት ግምገማ» ሲል ሌላው «ትንተና» ይላል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐተታ ሙያው በተወለደበት አገር እንኳ ስሙ ስንት ጊዜ እንደተለዋወጠ በማሳየት ምርጫውን ለማቃለል የታሰበ ነው። ዘመናቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሙያው መነሻ ተደርጎ ዘወትር የሚጠቀሰው፣ በ1969 የኮካ ኮላ ኩባንያ ሚድዌስት ሪሰርች ኢንስቲትዩት በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት ያስጠናው ጥናት ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስል ነበር፤ ይኸውም መጠጥን ለጠጪው ለማድረስ ከልዩ ልዩ መያዣዎች ብዙ ኃይልና ጥሬ ሀብት የማይፈጀው፣ ብዙም ብክለት የማያስከትለው የትኛው ነው የሚል ነው። መልሱ ግን በመያዣው ብቻ አይወሰንም። ለምሳሌ 1000 ሊትር መጠጥ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ለማድረስ፣ ጠርሙሱ አንዴ ተሞልቶ የሚጣል ቢሆን 2000 ጠርሙስ ያስፈልጋል። እየተመለሰ 20 ጊዜ የሚሞላ ከሆነ ግን 100 ይበቃል፤ በአንጻሩም የማጠቢያው ውኃና ባዶውን የሚመልሰው መኪና ነዳጅ ይታሰባል። ስለዚህ ንጽጽሩ በጠርሙስ ቁጥር ሳይሆን በተሰጠው አገልግሎት መጠን መሆን ነበረበት። ባለሙያዎቹ የንጽጽሩ መሠረት የሚያደርጉትን ይህን መጠን እኛ «የግልጋሎት አሐድ» ብንለው ሐሳቡን በሚገባ ይሸከማል።

ጥናቱ በምስጢርነቱ ምክንያት በሙሉ አልታተመም። ዘዴው በዚያ ጊዜ ይጠራ የነበረው «የሀብትና የአካባቢ ገጽታ ትንተና» ተብሎ ሊተረጎም በሚችል ረዘም ባለ ስም ነው፤ «ሕይወት»ም «ዑደት»ም በውስጡ አልነበሩም። በስዊዘርላንድ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1984 ስለ ማሸጊያ ዕቃዎች ባሳተመው ጥናት ላይ የተጠቀመበት የጀርመንኛ ስም «ኤኮቢላንስ» ነው። የዚህ ቃል ሁለተኛው ክፍል ሥሩ የላቲን ሲሆን ትርጉሙም «ሁለት ሰሐን ያለው ሚዛን» ነው። በአንደኛው ሰሐን የገባው፣ በሁለተኛው የወጣው ይቀመጣል፤ ስሙ ከሒሳብ መዝገብ ተወሰደ እንጂ ከሕይወት አልተወሰደም።

ዛሬ የገነነው ስም በሰፊው የታወቀው በ1990 ሴታክ የተባለው የአካባቢ መርዛምነትና ኬሚስትሪ ባለሙያዎች ማኅበር በአሜሪካ በቬርሞንት ክፍለ ግዛት ባካሄደው ዐውደ ጥናት ነው። «የሕይወት ዑደት» የሚለው ሐረግ ከሥነ ሕይወት የተዋሰ ነው። እንቁላል ትል፣ ትል ቢራቢሮ፣ ቢራቢሮም መልሳ እንቁላል የምትሆንበት ሒደት በእርግጥ ዑደት ነው። «ዖደ» በግእዝ «ዞረ» ማለት ነውና፤ ዑደት ያደረገ ታቦትም ወደ መንበሩ ይመለሳል። ተገዝቶ፣ አገልግሎ፣ ተቃጥሎ ወይም ተቀብሮ የሚቀር ዕቃ ግን የሚመለስበት መንበር የለውም። ከዚህ አንጻር «ዑደት» ሳይሆን «ዕድሜ» ቢባል ለእውነቱ ይቀርብ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። ሆኖም ቃሉን ከመጣል በፊት በየሰፈራችን እየተጣራ የሚዞረውን ቆራሌው ማስታወስ ይገባል። የተጣለውን ጣሳና ጠርሙስ ሰብስቦ ወደ ገበያ በሚመልስ ሰው ዘንድ ዑደቱ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። ስለዚህ «ዑደት» ይጽና የሚለው ወገን ይበልጥብኛል።

«ግምገማ» ግን ሌላ ነገር ነው። በ1991 የዐሥራ አንድ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ዐቃብያነ ሕግ፣ አምራቾች በየራሳቸው ዘዴ ያስጠኑትን ውጤት «የኛ ዕቃ ከሌላው ይሻላል» ለሚል ማስታወቂያ መጠቀማቸውን ተቃወሙ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1997 አይሶ 14040 የተባለውን ደረጃ ያወጣው ከዚህ ዐይነቱ ውዝግብ በኋላ ሲሆን፣ በ2006 ተሻሽሎ ከአይሶ 14044 ጋር ወጥቷል። ደረጃው ቆጠራውን ከፍርዱ ይለያል፤ ለሕዝብ የሚቀርብ ንጽጽርም በውጭ ባለሙያዎች እንዲመረመር ያዛል። በአገራችን «ግምገማ» ከ1990ዎቹ ወዲህ የሰውን ጥፋት የማጋለጫ ስብሰባ የሚል ትርጉም ስለ ደረበ፣ ቆጥሮና አመሳክሮ ለሚያቆም ሥራ አይመችም። «ትመና»ም ዋጋ መቁረጥን ያስታውሳል። «ምዘና» ግን ከሚዛን ጋር አንድ ሥር ስላለው ከስዊዘርላንዶቹም አሳብ ጋር ይገናኛል።

እስካሁን የተባለው የጣዕም ጉዳይ ሊመስል ይችላል። የስም ምርጫ ቁጥሩን ራሱን የሚለውጥበት ቦታ ግን አለ። ጤፍ ሲወቃ እህልና ጭድ ይገኛል። በምዘናው ሕግ ውዳቂ የተባለ ነገር የእርሻውን ጫና አይካፈልም፤ ጫናው በሙሉ በእህሉ ላይ ይወድቃል። ምርት ከተባለ ግን ይካፈላል። ድልድሉ በክብደት ቢሆን ጭዱ ከእህሉ ስለሚከብድ የሚበዛው ጫና በጭዱ ላይ ያርፋል፤ በዋጋ ቢሆን ደግሞ በእህሉ። ጭድን ለከብቱ የሚያበላና ከጭቃ አብኩቶ ቤቱን የሚመርግ ገበሬ ውዳቂ ብሎት አያውቅም። በመሥሪያ ቤቶች ጽሑፍ የተለመደው «ተረፈ ምርት» የሚለው ስያሜ ግን «የተረፈ» በማለቱ ወደ ውዳቂነት ያዘነብላል። የመረጃ መዝገብ የሚያዘጋጅ ወጣት ባለሙያም ስሙን ተከትሎ ጭዱን ከውዳቂ ዓምድ ቢጽፈው የእንጀራው ጫና ያለ አግባብ ይገዝፋል፤ ስሕተቱም በቁጥር መልክ ስለሚቀመጥ ማንም አይጠረጥረውም። ስለዚህ ከዋናው ምርት ጋር አብሮ ተገኝቶ የራሱ ጥቅምና ዋጋ ላለው ነገር «ተጓዳኝ ምርት»፣ ዋጋ ለሌለው «ውዳቂ»፣ ጫናን ለማካፈሉ ሥራ «ድልድል» የሚሉት ስያሜዎች ተለይተው በመዝገበ ቃላቱ እንዲገቡ፣ በ«ተጓዳኝ ምርት» ሥርም ጭድ በምሳሌነት እንዲጠቀስ ሐሳብ ቀርቧል።