የስጋጃው ቀይ

አንድ ወዳጄ ከዱባይ ገዝቶ ያመጣውን የአፍጋኒስታን ስጋጃ ሳሎኑ ውስጥ ዘርግቶ «አታለውኛል!» አለኝ። ስጋጃው ቀይ ነው፤ ከመሐሉ ዝቅ ሲል ግን ስንዝር የሚያህለው ቀዩ ይገረጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይደምቃል። እኔ ደግሞ ዓይኔ ያረፈው እዚያችው ላይ ነበር።

ነጋዴዎች ይህን የቀለም መለዋወጥ «አብራሽ» ይሉታል። ቀዩ የሚገኘው ሩቢያ ከሚባል ተክል ሥር ነው። ሥሩ መሬት ውስጥ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ይቆፈራል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። የበጉ ጸጉር ቀለሙን እንዲይዝ አስቀድሞ አሉም በሚባል ጨው ይዘፈዘፋል። ታዲያ የውሃው ዓይነት፣ የእሳቱ ኃይል፣ የሥሩ ዕድሜ ሁሉ ቀለሙን ይለውጠዋል፤ አንዱ ጋን አልቆ ሌላው ሲጣድ ያው ቀይ አይደገምም። የኢንዲጎው ሰማያዊ ደግሞ ይብሳል፦ ክሩ ከጋኑ ሲወጣ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊ የሚሆነው ነፋስ ሲያገኘው፣ ዓይን እያየ ነው። ለቢጫና ለቡናማው የሮማንና የዋልነት ልጣጭ አለ።

ይህን ሙያ ያናጋው የ18 ዓመት ወጣት ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ፐርኪን እ.ኤ.አ. በ1856 የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ቤተ ሙከራ ውስጥ ሊሠራ ሲታገል ወይን ጠጅ ቀለም አገኘ። የሩቢያን ቀይ ኬሚስቶች በ1869 ሠሩት፤ የፋብሪካ ኢንዲጎም በ1897 ገበያ ወጣ። ርካሽ ቀለም በጣሳ እየተሸጠ ሦስት ዓመት ሥር የሚጠብቅ ማን ነው? ከመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ቀለሞች ብዙዎቹ ፀሐይ ያጠፋቸው፣ ውሃ ያፈሳቸው ነበር። ኋላ ግን ጠንካሮቹ መጡ፤ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ የነበረው ዕውቀትም በየቦታው ተቋረጠ።

ሻጮች «ሺህ ዓመት ያልተቋረጠ ጥበብ» ሲሉ የማልቀበለው ለዚህ ነው። ተቋርጧል። ሐራልድ በመር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ መምህር የአሮጌ ስጋጃዎችን ክር መርምሮ አቀላለሙን ደረሰበት፤ ከ1981 ጀምሮም በምዕራብ ቱርክ መንደሮች ሥራው እንደገና ተጀመረ። በአፍጋኒስታን ሸማኔዎች ዘንድ ደግሞ ያንሰራራው በስደት ነው። በ1979 የሶቪየት ጦር ሲገባ ወደ ፓኪስታን የሸሹት ቱርክመኖች ፔሻዋር አካባቢ ሥሩን መልሰው ጋን ውስጥ ከተቱት። የከፊሎቹ አያቶች በ1920ዎቹ ከዚያው ከሶቪየት አገዛዝ ሸሽተው አሙ ዳርያን የተሻገሩ ነበሩ። ሌሎች ሸማኔዎች በዚያው ዘመን ታንክና ሄሊኮፕተር በስጋጃ ላይ ይሠሩ ነበር።

ነጭ መሐረብ አርጥበን የወዳጄን ስጋጃ አሸነው። መሐረቡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ይህ እንኳ ማስረጃ አይሆንም፤ የዛሬው የፋብሪካ ቀለምም አይለቅም፣ አብራሹንም ሆን ብለው የሚሠሩት አሉ። ወዳጄ ይህን ስነግረው ጥቂት ዝም አለና ስጋጃውን ሳይጠቀልል ቡና አስፈላ።