ላሟ መካን ናት ከማለታችሁ በፊት

የገሳይና የደብረ ታቦር ዙሪያ አርቢዎች፣ «አዳቃዩ ሦስት ጊዜ መጣ፣ ላሟ ግን አልያዘችም፤ ወተቷም ወረደ፤ ልሽጣት ወይ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ቆዩ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

አያቶቻችን ከጣና ዳር የፎገራን ላም ጥጃ አስጠብተው፣ የተረፈውን ያልቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ከብቶች በእርዳታ ወደ አገራችን ገቡ። ኋላም ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ ምርምር ማዕከል ፎገራን ከፍሪዥያን አዳቀለ። ወተቱ ጨመረ፤ ብዙ የሚታለብ ትልቅ ጡት ግን ለጡት በሽታም ይበልጥ ይጋለጣል።

የብግነትን ምልክት ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ ጽፎታል፦ መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋል፣ ሕመም። ይህንንማ አባቶቻችንም ያውቁታል። ያስቸገረው የማያብጠውና የማይግለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ሻልምና ኑርላንደር የተባሉ ሰዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ቀላል ዘዴ አወጡ፦ ወተቱን ሳሙና መሰል ፈሳሽ ውስጥ ሲያዞሩት ጤነኛው ቀጭን ሆኖ ይቀራል፣ የታመመው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። የሚያዝለገልገው ጀርሙን ሊወጋ ከደም ወደ ጡት የዘመተው ነጭ የደም ሕዋስ ነው።

ዘማች ደግሞ ስንቅ ይፈልጋል። ወተት መሆን የነበረበት ስኳር ለእሱ ይውላል። ተመራማሪዎች የጀርም መርዝ አንድ ጡት ውስጥ ብቻ ሲያስገቡ፣ ያልተነኩት ጡቶችም ወተት ቀንሰዋል! ነገሩ እዚያ አያበቃም። የብግነቱ መልእክት በደም አንጎል ይደርስና እንቁላል የሚያስለቅቀውን ኤል ኤች የተባለ ሆርሞን ያዘገያል ወይም ያሳንሳል። ላሟ ድራት ታሳያለች፣ አዳቃዩም በሰዓቱ ይደርሳል፤ እንቁላሉ ግን ገና አልወጣም። ከዚያ አዳቃዩ ይረገማል፣ አለዚያም «ዓይን በላት» ይባላል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ጡቷን ሳላይ «መካን ናት፣ ሽጡት» ብዬ አስሽጫለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ላሟን ገበያ ከማውጣታችሁ በፊት የእንስሳት ሐኪም አራቱንም ጡት ለየብቻ ይመርምርላችሁ። መድኃኒት ከታዘዘ፣ ሐኪሙ እስከነገራችሁ ቀን ድረስ ወተቱን አትሽጡ፣ ለልጅም አትስጡ።