ጎማን ያጠነከረው ጥላሸት፣ ጎማን የሚያስውበው ቅባት

በ2014 ዓ.ም. ከአጎቴ ጋር ጎማ ልንገዛ ሄድን። የተደረደሩት ጎማዎች እንደተወለወለ ጫማ ያበራሉ። የመቼ ምርት እንደሆኑ ስንጠይቅ ሻጩ «የ12 ናቸው፣ ገና አዲስ» አለን። አንዱን በጨርቅ ጠረግ ሳደርገው ጨርቁ በቅባት ራሰ፤ ከሥሩም እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ብቅ አሉ። ነገሩ ያኔ ገባን፤ 12 የተባለው የእኛ 2012 ሳይሆን የፈረንጆቹ ነው። ጎማው አሥር ዓመት ገደማ ሆኖታል ማለት ነው።

ለመሆኑ የጎማ ማብረቂያ ለጎማው ምን ያደርግለታል? ይህን ለመመለስ ጎማ ራሱ እንዴት ጥቁር እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጎማ ዛፍ የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ወተት ነጭ ነው። ቻርልስ ጉድይር በ1839 ጥሬ ጎማን ከሰልፈር ጋር አሙቆ ጠንካራና ተለጣጭ ማድረግ እንደሚቻል አገኘ። ጆን ቦይድ ደንሎፕ ደግሞ በ1888 በአየር የሚነፋውን ጎማ ቤልፋስት ውስጥ ሠራ። የዚያ ዘመን ጎማዎች ነጣ ያሉ ነበሩ። የሚሸሊን ኩባንያ አርማ የሆነው ወፍራሙ ሰውዬ፣ በ1898 ሲሳል ነጭ የተደረገውም ለዚሁ ነው።

እኛ ዘንድ ጥላሸት መቀባት ስም ማጥፋት ነው። ጎማን ባለ ስም ያደረገው ግን ጥላሸት ነው። በ1904 ገደማ፣ ለንደን ሲልቨርታውን በሚገኝ ፋብሪካ፣ ካርበን ብላክ የሚባለው በጣም የላመ ጥላሸት ከጎማ ጋር ሲቀላቀል ጥንካሬውን እጅግ እንደሚጨምር ታወቀ። በ1910ዎቹ የአሜሪካው ጉድሪች ኩባንያ ወደ ምርት አስገባው፤ ጥላሸቱን ያቀርብለት የነበረው ደግሞ የክሬዮላ ከለር አምራች የሆነው ቢኒ ኤንድ ስሚዝ ነው። የጥላሸቱ ቅንጣቶች የጎማውን ረጃጅም ሞለኪውሎች አጥብቀው ስለሚይዙ ጎማው ቶሎ አያልቅም። የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረርም ይውጡለታል።

ስለዚህ ጥቁረቱ ከላይ የተቀባ ሳይሆን እስከ ውስጥ የዘለቀ ነው። ታዲያ ለምን ይደበዝዛል?

አንዱ ተጠያቂ ኦዞን ነው። አየር ውስጥ ያለው ጥቂት ኦዞን የተለጠጠ ጎማን ሞለኪውሎች እየቆረጠ ይሰነጥቀዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኬሚስቶች ኦዞንን ቀድመው የሚጋፈጡ ውህዶችን ጎማ ውስጥ መጨመር ጀመሩ፤ ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው 6ፒፒዲ ነው። ይህ ውህድ ቀስ እያለ ወደ ገጹ ይወጣና ከኦዞን ጋር ተዋግቶ ቡናማ ይሆናል። በውሃ ብቻ አልለቅ የሚለን ቡናማ ነገር ብዙ ጊዜ ጭቃ ሳይሆን ይኸው የጎማው ዘበኛ ነው። ዘበኛው ግን ጉዳትም አለው፦ ከ6ፒፒዲ የሚፈጠር ሌላ ውህድ በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ሲገባ ኮሆ ሳልመን የተባለውን ዓሣ እንደሚገድል አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ጥናት በ2020 አሳይቷል።

ዛሬ ብዙዎቹ ማብረቂያዎች የሚሠሩት ከሲሊኮን ዘይት ነው። ሲሊኮንን ፍሬድሪክ ኪፒንግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኖቲንግሃም ውስጥ ያጠናው ነበር፤ በ1943 ደግሞ ዳው ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ ሊያመርተው ተቋቋመ። ውሃን ይገፋል፣ እንደ ናፍጣም ጎማን አያሳብጥም። ላቫጆ ውስጥ ጎማችሁን በናፍጣ ሊቀቡት ሲሉ ካያችሁ «ተው» በሉ፤ ለአንድ ቀን ያበራል፣ ጎማውን ግን ያላላል።

ከገበያው ስትመርጡ፣ ወተት የሚመስለውና በውሃ የተበጠበጠው ለጎማው ለስላሳ ነው፤ ግን ዝናብ ሲመጣ ቶሎ ይለቃል። ከነዳጅ በወጣ ማሟሟያ የተሠራው ወፈር ያለ ጄል ይበልጥ ያበራል፣ ይቆያልም፤ ማሟሟያው ግን ሲደጋገም ጎማውን ሊያደርቅ ይችላል። ረጅም የሚቆየው ደርቆ ስስ ሽፋን የሚሠራው ዓይነት ነው። የትኛውም ቢሆን የሚይዘው ንጹሕ ጎማ ላይ ነው። አረፋው ቡናማ መሆኑ እስኪቀር በሳሙናና በብሩሽ ፈትጉ፣ አድርቁ፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ እስኪደርቅም መኪናውን አታንቀሳቅሱ። መሬት የሚረግጠውን ጥርሱን በፍጹም አትቀቡ፤ ያንሸራትታል። የሞተር ሳይክል ጎማማ ጎኑም ቢሆን ይቅር፤ ሞተሩ ሲታጠፍ ጠርዙም መሬት ይነካል።

የሚያበራ ጎማ ስትገዙ ግን መጀመሪያ በጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ፈልጉ፦ 3519 ማለት በ2019 35ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመቀየር ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ። አጎቴ ይህን ቀንሶ ጎማውን መለሰና ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሄደ።