ራስ ሳይጠና ጉተና፦ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ቅል እስከ ሰርፍ ቦርድ

(ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ በእግር ይገባበታል። ድሮ ግን ዙሪያውን በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተማሩት እዚያ ነው። ከ1520 እስከ 1526 ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ መነኮሳቱ ውሃውን እንዴት ይሻገሩ እንደነበር ጽፎ አስቀምጧል። እንጨት አጋድመው ያስራሉ፤ ቄጠማ ይደለድላሉ፤ በየማዕዘኑ ትልልቅ ቅል ያስራሉ። ጀልባቸው ይኸው ነበር።

ቅሉ ለጌጥ አልታሰረም። ውስጡ ባዶ ስለሆነ አየር ይይዛል፤ አየር የያዘ ነገር ደግሞ ይንሳፈፋል፣ የተጫነበትንም ይሸከማል። መሻገሪያው አያምርም፣ አይፈጥንምም። የተሠራው ሰው እንዲሸከም ነው፤ ሰው ይሸከማል።

አሁን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተወልዶ ያደገ፣ ኑሮ ገፍቶት ካሊፎርኒያ ወይም አውስትራሊያ ወይም ደርባን የደረሰ አንድ ጎልማሳ አለ እንበል። ዕድሜው 35 ነው። በማዕበል ላይ ቆመው የሚንሸራተቱትን ሰዎች አይቶ ልቡ ተነሣሣ፤ የመጀመሪያውን ሰርፍ ቦርድ ሊገዛ ሱቅ ገባ። የትኛውን ይምረጥ? ብዙ ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ዓይኑ የሚያርፈው በአጭሩ፣ በቀጭኑና ጫፉ በሾለው፣ ሻምፒዮኖች በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲወዳደሩበት ባየው ቦርድ ላይ ነው። የአገር ቤት ሰው ይህን ቢያይ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ራስ ሳይጠና ጉተና።

ይህ ሰው በ35 ዓመቱ ጀማሪ የሆነው ሰነፍ ስለነበር አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። የአካባቢው ሰው ከባሕር ጋር የሚገናኘው በኮምቦልቻ በኩል በሚወርደው የአሰብ መንገድ ነበር። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ መጨረሻ የሠሩት ይህ መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቀይ ባሕር ይደርሳል። በዚያ የተመላለሰው ግን የከባድ መኪና ሾፌርና ረዳት ነው። አሰብ ለእነሱ ወደብ ነበረች፤ ነዳጅና ጭነት እንጂ መዋኛ አልነበረችም። በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች፤ በ1998 ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ለብዙ የወሎ ቤተሰብ የሚያስታውሰው ከጅቡቲ ዳርቻ ወደ የመን የሚሻገረውን፣ ሰው የታጨቀበትን ጀልባ ነው። ልጁን ወይም እህቱን በዚያ ውሃ ያጣ ሰው አለ። ስለዚህ ከዚህ አካባቢ የወጣ ጎልማሳ ውሃ ቢፈራ ፈሪ ተብሎ አይፈረድበትም። የመጀመሪያው ቦርድ ምርጫ ቀላል የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ወይ ፍርሃቱን ያስረሳዋል፣ ወይ ለዘላለም ያጸናበታል።

የሰርፍ ቦርድ ታሪክም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በጥንታዊቷ ሃዋይ ዋና ዋናዎቹ ቦርዶች ሁለት ዓይነት ነበሩ። «ኦሎ» የሚባለው በጣም ረጅም፣ ወፍራምና ከቀላል እንጨት የሚሠራ ሲሆን፣ እሱን መያዝ የባላባቶች መብት ነበር። ተራው ሕዝብ የሚጠቀመው «አላያ» የተባለውን አጠር ያለና ቀጭን ጣውላ ነበር። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል፦ በደንብ የሚንሳፈፈውን ለራሳቸው ያስቀሩት ሹማምንቱ ናቸው። ሥልጣን ያለው ሰው የመረጠው የሚሸከመውን ነው።

ሰርፊንግን ከሃዋይ ውጭ ካስተዋወቁት ሰዎች ዋነኛው ዱክ ካሃናሞኩ ነው። በ1912 ስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ዋና ወርቅ አግኝቷል፤ በ1914 መጨረሻ ወደ አውስትራሊያ ሄዶ እዚያው በተጠረበ ቦርድ ሲድኒ ላይ አሳይቷል። ዱክ ቦርድ ላይ ከመቆሙ በፊት ዋናተኛ ነበር። ይህን የሚረሳ ጀማሪ ብዙ ነው።

በዚያ ዘመን ቦርዱ ከባድ ስለነበር ተሸክሞ ውሃ ማድረስ ራሱ ጉልበት ይጠይቃል። ነገሩ የተለወጠው በ1958 ነው። ሆቢ አልተርና ጎርደን ክላርክ የተባሉ ካሊፎርኒያውያን ከፖሊዩሬቴን ፎም ቦርድ ማምረት ጀመሩ። ፎም ማለት በውስጡ ብዙ ጥቃቅን የአየር ክፍሎች ያሉት ነገር ነው፤ የሐይቁ ቅል በሺህ ተከፋፍሎ እንደማለት ነው። ቦርዱ ቀለለ፣ ምርቱ ፈጠነ፤ በማግስቱ ዓመት «ጊጄት» የተባለው ፊልም ሲወጣ የካሊፎርኒያ ዳርቻ በጀማሪ ተሞላ።

ከ1967 በኋላ ግን ሌላ ፋሽን መጣ። ወደ ሦስት ሜትር ይጠጋ የነበረው ቦርድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ሜትር አካባቢ ደረሰ። አጭሩ ቦርድ ለባለሙያው በማዕበሉ ላይ እንደልብ የሚታጠፍ መሣሪያ ሆነለት። ለጎልማሳ ጀማሪ ግን በሩን ዘጋበት፤ ምክንያቱም ትንሽ ነገር ትልቅ ሰው አይሸከምም። በ1971 ቶም ሞሪ ሃዋይ ላይ ከለስላሳ ፎም ሰው ተኝቶበት የሚንሸራተትበትን አጭር ቦርድ ሠራ፤ ለብዙ ሰው በሩ እንደገና ተከፈተ። ዛሬ የሰርፊንግ ትምህርት ቤቶች ለጀማሪ የሚሰጡት ላዩ ለስላሳ የሆነው ትልቅ የፎም ቦርድም ሥራው ያው ነው።

እንግዲህ ያ ጎልማሳ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ምን ይይ? 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ርዝመቱ ከ2.4 እስከ 2.75 ሜትር፣ ወርዱ 56 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። አብዛኞቹ ቦርዶች ላይ መጠናቸው በሊትር ይጻፋል፤ ያ ቁጥር ቢያንስ የሰውየውን ኪሎ ማከል አለበት፣ ቢበልጥ ይሻላል። እንዲህ ያለው ቦርድ በእጅ ሲቀዝፉት ይሄዳል፣ ማዕበሉን ቀድሞ ይይዛል፣ ሲቆሙበትም አይገለበጥም። 30 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአጭር ቦርድ ሲጫወት አይቶ «እኔስ ምን ያቅተኛል?» ማለት አያዋጣም፤ ለሕፃኑ ያ ቦርድ ትልቅ ነው።

የተጠቀሙበትን መግዛት ነውር የለውም፤ ውሃ የጠጣ እንዳይሆን ብቻ መፈተሽ ነው። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ታንኳውን አውጥተው ያደርቁታል። ቶር ሄየርዳል በ1969 ከጣና ደንገል አስመጥቶ ያሠራው «ራ» የተባለ ጀልባ፣ አትላንቲክን ሊሻገር ጥቂት ሲቀረው የኋላው ክፍል ውሃ ውስጥ እየሰመጠ ጉዞው ተቋረጠ። በዓመቱ ሁለተኛው «ራ» በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ። የተሰነጠቀ ቦርድም ውስጥ ውስጡን ውሃ ይጠጣል፤ ከመጠኑ በላይ ከከበደ ወይም ሲጫኑት ከረገበ መተው ነው።

ቦርዱን ከእግር ጋር የሚያያይዘው ገመድም ቀላል ነገር አይደለም። በ1971 ጃክ ኦኒል የተባለው ታዋቂ ነጋዴ የሚለጠጥ ገመድ ቦርዱን መልሶ ፊቱ ላይ ወርውሮበት ግራ ዓይኑን አጥቷል። ገመዱ ከቦርዱ ርዝመት የማያንስ ይሁን።

ከሁሉ በፊት ግን ዋና። ቦርድ ከእጅ ያመልጣል፣ ገመድ ይበጠሳል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው የራስ ክንድ ነው።

ትልቁን የፎም ቦርድ ተሸክሞ ዳርቻ ላይ የሚሄድ ጎልማሳ ሲያዩት የሚስቁበት ይኖራሉ። ይሳቁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አጭሩን ቦርድ በችኮላ የገዛው ሰው በወሩ ጋራዥ ውስጥ ጥሎት ባሕሩን ሲሸሽ ይገኛል። የሐይቅ መነኮሳት መሻገሪያቸው ላይ ቅል ሲያስሩ ማን እንደሚያያቸው አልጠየቁም። የጠየቁት ይሸከመናል ወይ ብለው ነው።