የኤሌክትሪክ ሙል እና የኤሌክትሮኖች ቁጥር

የኤሌክትሪክ ሙል፣ በተለምዶ ቻርጅ የሚባለው፣ አካላት በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሳሳቡ ወይም እንዲገፋፉ የሚያደርግ የቁስ ባሕርይ ነው። የአንድ አካል ሙል የሚታወቀው በውስጡ ያሉት ፕሮቶኖችና ኤሌክትሮኖች በቁጥር ምን ያህል እንደሚበላለጡ በማየት ነው። ኤሌክትሮን ከበዛ የአካሉ ሙል አሉታዊ (ኔጌቲቭ)፣ ከጎደለ አዎንታዊ (ፖዘቲቭ) ይሆናል፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ አካሉ ገለልተኛ ነው።

ልዩነቱ እንጂ ድምሩ አይደለም

አንድ ግራም መዳብ ወደ 2.7 × 10²³ የሚጠጉ ኤሌክትሮኖች አሉት። የእነዚህ ሙል ለብቻው ቢደመር 44,000 ኩሎም (የሙል መለኪያ አሃድ) ገደማ ይደርሳል። ሆኖም መዳቡን የነካ ሰው ምንም አይሰማውም፤ በአቶሞቹ ኒውክለስ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች በቁጥር እኩል፣ በሙል ተቃራኒ ስለሆኑ ድምሩን ወደ ዜሮ ያወርዱታል።

ፕሮቶን በኒውክለስ ውስጥ ታስሮ ስለሚኖር በመፋተግም ሆነ በኬሚካዊ ለውጥ ከቦታው አይነቀልም። ከአካል ወደ አካል የሚሻገረው ኤሌክትሮን ነው። ደረቅ ጸጉር በፕላስቲክ ማበጠሪያ ሲበጠር ኤሌክትሮኖች ከጸጉሩ ወደ ማበጠሪያው ያልፋሉ፤ አንዱ ያጣው ሌላው ያገኘውን ያህል ነው። ሙል ከቦታ ቦታ ይዘዋወራል እንጂ አጠቃላይ መጠኑ አይለወጥም። በገበታ ጨውም እንዲሁ ነው፤ 11 ፕሮቶን ያለው ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ሰጥቶ በ10 ሲቀር፣ 17 ፕሮቶን ያለው ክሎሪን ተቀብሎ 18 ይይዛል። ሁለቱም አዮን (ሙል ያለው አቶም) ሆነው ይሳሳባሉ፣ ጨው ግን በጠቅላላው ገለልተኛ ነው።

ስሌቱ

የኤሌክትሮንና የፕሮቶን ሙል በመጠን አንድ ነው። ይህ መጠን መሠረታዊ ሙል ይባላል፤ ዋጋውም 1.602176634 × 10⁻¹⁹ ኩሎም ነው። ስለዚህ፦

የአካሉ ሙል = (የፕሮቶን ቁጥር − የኤሌክትሮን ቁጥር) × መሠረታዊ ሙል

ለምሳሌ የአንድ ማበጠሪያ ሙል ከዜሮ በታች አንድ ቢሊዮንኛ ኩሎም ቢሆን፣ ይህን ለመሠረታዊው ሙል በማካፈል 6.24 ቢሊዮን ትርፍ ኤሌክትሮኖች እንዳሉት ይታወቃል። ቁጥሩ ብዙ ይምሰል እንጂ የኤሌክትሮኖቹ ክብደት በተለመደ ሚዛን አይታወቅም። አንድ ሙሉ ኩሎም ደግሞ 6.24 × 10¹⁸ ኤሌክትሮኖችን ይጠይቃል።

አንድ አምፔር የኤሌክትሪክ ጅረት በሚያልፍበት ሽቦ ውስጥ ይህን ያህል ኤሌክትሮን በየሴኮንዱ አንድን ነጥብ ያቋርጣል። ሽቦው ግን የገባበትን ያህል ስለሚወጣለት ገለልተኛ ሆኖ ይቆያል። የስልክ ባትሪም «አለቀ» ሲባል ኤሌክትሮኖቹ አልቀው አይደለም፤ በአንዱ ጫፍ የወጡት በሌላው ተመልሰዋል። ያለቀው ኤሌክትሮኖቹን የሚገፋው ኬሚካዊ ጉልበት ነው።

ታሪክ

አዎንታዊና አሉታዊ የሚለውን አጠራር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስለመደው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ኤሌክትሮን ገና አልታወቀም ነበርና ምልክቶቹ የተሰጡት በግምት ነው። ጄ. ጄ. ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1897 ኤሌክትሮንን ሲያገኝ ቅንጣቷ በአሉታዊው ወገን ወደቀች። በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ በንድፍ ላይ የሚሳለው የጅረት አቅጣጫ ኤሌክትሮኖች በሽቦ ውስጥ ከሚሄዱበት ተቃራኒ ነው።

ሙል በቁጥር የሚከፋፈል መሆኑን በቀጥታ ያሳየው ሮበርት ሚሊካን ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 1909 ጀምሮ፣ ከተማሪው ሃርቪ ፍሌቸር ጋር፣ ደቃቅ የዘይት ጠብታዎችን በሁለት የብረት ሳህኖች መካከል በኤሌክትሪክ ኃይል እያንሳፈፈ ሙላቸውን ለካ። ውጤቱ ሁልጊዜ የአንድ ትንሽ መጠን አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ እየሆነ ይመጣ ነበር፤ ግማሽ ወይም ሩብ አልተገኘም። ያገኘው ዋጋ ዛሬ ከሚታወቀው ከአንድ በመቶ ባነሰ ዝቅ ይላል፤ ምክንያቱም ለአየር ዝልግልግነት የተጠቀመበት ቁጥር ትክክል አልነበረም። ሚሊካን እ.ኤ.አ. በ1923 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ከመሠረታዊው ሙል በታች

ፕሮቶንን የሚገነቡት ኳርኮች የመሠረታዊው ሙል ሲሶ ወይም ሁለት ሦስተኛ አላቸው። ነገር ግን ለብቻቸው ተነጥለው ስለማይገኙ፣ ነፃ ሆኖ የሚለካ ማንኛውም ሙል የመሠረታዊው ሙል ሙሉ ብዜት ነው።

አሁን ያለው ትርጓሜ

ቀደም ሲል አምፔር የሚተረጎመው ጅረት የሚያልፍባቸው ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ በሚያሳድሩት ኃይል ነበር፤ የኤሌክትሮን ሙልም በዚያ መለኪያ ይለካ ነበር። ከእ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 2019 ወዲህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መሠረታዊው ሙል ቋሚ ቁጥር ተሰጥቶት፣ አምፔርና ኩሎም ከእሱ ይመነጫሉ፤ አንድ ኩሎምም በትርጓሜው የመሠረታዊ ሙሎች ቆጠራ ሆኗል።