ማስፈራራት የማይሠራው መቼ ነው?

ጠላትን በማስፈራራት መግታት ይቻላልን? አሜሪካዊው ምሁር ግሌን ስናይደር መንገዱ ሁለት ነው ይላል፤ አንዱ በቅጣት ማስፈራራት፣ ሌላው ሙከራው እንደማይሳካ ማሳየት። የአገሩ ሰው ቶማስ ሼሊንግ ግን በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዛቻ የሚሠራው እጁን የሰበሰበ ሰው እንደማይነካ ሲያምን ነው ይላል።

ግራዚያኒ በቅጣት ታመነ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ ንጹሓን አለቁ። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም ተነሣ፤ ለደብረ ወርቅ ቅርብ በሆነችው በብቸና አካባቢ በላይ ዘለቀ አርበኞችን መራ። ጣሊያን ምሽግ ሠርቶ ከተሞችን ቢይዝም ገጠሩን መግዛት ተሳነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን በይበልጥ የሚያስረዳው ሼሊንግ ነው። ያመፀውም ዝም ያለውም እኩል ከሞተ፣ ዝም ለማለት ምክንያት አይኖርም። ጻድቁን ከበደለኛው የማይለይ ሰይፍ አመፅን ያበዛል እንጂ አይገታም።